ቅጠሉ ሲሸፍነው

ከሐበሻ ጎመንና ከጥቅል ጎመን የምንበላው ቅጠሉን ነው። ከአበባ ጎመን ግን የምንበላው ገና ያልፈካውን እንቡጥ ነው። ስለዚህ የሚተክለው ሰው ሥራው ራሱን መጠበቅና የሚቆረጥበትን ቀን ማወቅ ነው።

ቆሰበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ስለሆነ ቅዝቃዜው ይስማማዋል። አፈራችን ግን አሲዳማ ነውና ኖራና የበሰበሰ ፍግ ይፈልጋል። ክረምቱ ሲወጣ ችግኙን ወደ ጓሮዬ አዛውራለሁ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይደርሳል። ነጩ ራስ የዶሮ እንቁላል ሲያህል የራሱን ቅጠሎች ሰብስቤ በላዩ አስራለሁ። ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ጣዕሙም ይለወጣል።

በጉባኤያችን የዝማሬ ጸጋ ያለው የ19 ዓመት ወጣት አለ። ጌታን ከተቀበለ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከየከተማው "መድረክ ላይ ይውጣ፣ አልበም ይሥራ" እያሉ ይደውሉለታል። እናቱ ብቻዋን የምታሳድገው፣ ታናናሾችም ያሉት ልጅ ነው፤ የሚመጣው ገንዘብ ለቤቱ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ሽማግሌዎች አንድ ዓመት እንዲቆይ መከርነው። እርሱም "ፓስተር፣ እስከ መቼ ልጠብቅ?" አለኝ።

ሙሴ በምድያም 40 ዓመት ቆይቷል (ሐዋ. 7፥30)። ጌታችን አገልግሎቱን ሲጀምር 30 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር (ሉቃ. 3፥23)። ጳውሎስም አዲስ አማኝ በትዕቢት እንዳይወድቅ ለኃላፊነት እንዳይቸኮልበት ያስጠነቅቃል (1ጢሞ. 3፥6)። ይህን ለወጣት መጥቀስ ለእኛ ለታላላቆች ቀላል ነው።

ነገር ግን አበባ ጎመኑን አስሮ የሚረሳው ሰውም ያጣዋል። እርጥበት ከታመቀበት ይበሰብሳል። ቀኑ ካለፈበት ደግሞ ራሱ ይበታተንና ያብባል። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ ሥሩንም አጠጣለሁ። ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ሳለ እቆርጠዋለሁ፤ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ያንን የመሰለ ሁለተኛ ራስ አይሰጥም። በማርቆስ 4፥29 ያለው ገበሬም ፍሬው ሲደርስ አይዘገይም፤ ወዲያው ማጭዱን ያነሣል።

ለወጣቱ የመለስኩለት ይህን ነው፦ "ልጄ፣ ሸፍነንህ አንሄድም። በየሳምንቱ ቃሉን አብረን እናጠናለን። በጉባኤያችን ትዘምራለህ። የታናናሾችህ የትምህርት ወጪ በዚህ ዓመት የጉባኤው ነው። ዓመቱ ሲሞላ ተቀምጠን እናያለን፤ ደርሰህ ካገኘንህ እኛው እጃችንን ጭነን እንልክሃለን።"

ሽማግሌዎች ሆይ፣ "ጠብቅ" ያላችሁት ወጣት አለ? በዚህ ሳምንት ቤቱ ሂዱ፤ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚያነብ ጠይቁት። አንተም የምትጠብቅ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ሰው ባያያችሁም በስውር የሚያይ አባት አላችሁ (ማቴ. 6፥6)።

ጌታ ሆይ፣ የምንሸፍንበትንና የምንገልጥበትን ጊዜ የምናውቅበት ጥበብ ስጠን። አሜን።