የሰው ግጥም ስናነብ

ሀያትስቪል ውስጥ ቅዳሜ ማታ በአንድ አባላችን ቤት እየተሰበሰብን፣ አባላት የሚልኩልንን ግጥሞችና አጫጭር ልብ ወለዶች እናነባለን። ቡና ይፈላል፤ ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከዚያ ሁላችንም ዳኞች እንሆናለን። ባለፈው ዓመት በአንድ ግጥም ኅዳግ ላይ «ስሜት እንጂ ሐሳብ የለውም» ብለን ጽፈን መለስን። ገጣሚው ቀን እየተማረ ሌሊት መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ ወጣት ነው። የጻፈው ስለ እናቱ ሞት ነበር፤ ለቀብሯ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ አንዲት ስንኝ አልላከልንም።

ከመካከላችን በቅኔ ቤት ያለፉት አባት ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። በጎጃም የቅኔ ተማሪ ለብቻው ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ ጀማሪው የሚያቀርበው ባለሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው። መምህሩ ይነቅፋል፣ አንዳንዴም ይቆጣል፤ ነገር ግን የተሰበረውን ቤት አብሮ ያቃናል። እኛ ነቀፋውን ብቻ ወርሰናል። በ1953 ዓ.ም. የኮሌጅ ቀን የተነበበውን የታምሩ ፈይሳን «ደሃው ይናገራል» ስናወድስ እንኳ፣ ታምሩ ያን ጊዜ ተማሪ እንደ ነበረ እንዘነጋለን።

የወጣቱን ግጥም እንደገና አነበብነው። ሦስተኛው አንጓ ላይ ምጣኔው ይሰበራል፤ ይህን አሁንም እንላለን። ዳሩ ግን የእናቱ ነጠላ ታጥቦ ከተሰጣበት ገመድ ላይ የሚያነሣው ሰው ማጣቱን የምትናገር ስንኝ ነበረችበት። «ሐሳብ የለውም» ያልነው እሷን ዘለን ነው። ይህንኑ በሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፈን ላክንለት። መልሱን እየጠበቅን ነው።