ሹሩባ የተሠራ ንጉሥ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጎብዬ፣ ጎፈሬውን ቅቤ ቀብቶ፣ ሚዶ ሰክቶ፣ ሽርጥ ያሸረጠ የራያ ጎረምሳ ቢያልፍ ጉድ የሚል የለም። እንዲያውም አማረበት ይባላል። ፀጉሩን ሲያበጥር የፈጀውን ጊዜ "የሴት ሥራ" የሚለው አይኖርም። አገሩን ለማያውቅ እንግዳ ግን ይኸው ልጅ ወገቡ ላይ ጨርቅ የጠመጠመ፣ ፀጉሩን የሚያሞናድል ወንድ ነው።

አፄ ቴዎድሮስና አፄ ዮሐንስስ? ሁለቱም ሹሩባ የተሠሩ ነገሥታት ነበሩ። በዘመናቸው ሹሩባ የጦረኛ ክብር ነበር። ዛሬ የቴዎድሮስ ምስል ያለበት ቲሸርት የለበሰ ሰው፣ ሹሩባ የተሠራ ወንድ መንገድ ላይ ሲያይ ይሳደባል። ምኑ የወንድ፣ ምኑ የሴት እንደሆነ ዘመንና ቦታ እንደሚወስኑት ማን ይንገረው?

ጉዳዩ ከፀጉር የሚያልፍባቸው ሰዎችም አሉ። ሲወለዱ ወንድ ተብለው ራሳቸውን ሴት አድርገው የሚያውቁ፣ ሴት ተብለው ወንድ የሆኑ፣ ወይም በሁለቱም መጠራት የማይስማማቸው። ትራንስጀንደርና ኖንባይነሪ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ብዙዎቹ ከመስታወት ጋር ጥል ናቸው። የሚጎረንን ድምፅ፣ የሚያጎጠጉጥ ጡት፣ ብቅ የሚል ጢም፣ እኩያቸው በጉጉት የሚጠብቀው ሁሉ ለእነሱ ጭንቀት ይሆናል። ሁሉም ሰውነቱን ይጠላል ማለት ግን አይደለም፤ ለአንዳንዱ የፀጉር ቁርጥና ልብስ ብቻ እፎይታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው ይህን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አውጥቶታል።

እዚህ አገር እፎይታውም ዋጋ አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ይቀጣል፤ ስለ ልብስና ፀጉር አንድ ቃል የለውም። መንጋው ግን አካሄድ አይቶ ይፈርዳል። በነሐሴ 2015 የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን ባስታወቀበት ሰሞን፣ ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶና ስም እየተለጠፈ "ይገረፉ፣ ይገደሉ" ይባል ነበር።

ቀደም ብለው አገር ለቀው ኦስትሪያ የገቡት ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝ ከመሥራቾቹ መካከል የሆኑበት ድርጅት ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ ይባላል። ጉራማይሌ የአያቶች የድድ ንቅሳት ነው። "ከውጭ የመጣ ነው" ለሚል ስሙ ራሱ መልስ ይመስላል።

አማርኛም በዚህ ነገር ከተናጋሪው ይልቅ ቸር ነው። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ "ነይ የኔ ቆንጆ" ትለዋለች፤ ሴቷንም "ና አንተ" ይሏታል፤ ማንም አይደነግጥም። "አንቱ" ሲባል ደግሞ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ ለሽማግሌውም ለባልቴቷም እኩል ነው። ከጎብዬ ወጥቶ ደሴ ወይም አዲስ አበባ የገባ፣ ሰውነቱ ያልተመቸው ወጣት ግን አንቱ የሚለው የለም። ታክሲ ከመሳፈሩ በፊት ድምፁን ያወፍራል፣ እርምጃውን ያስተካክላል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል።