ስለ ጎረቤላ ጉምና ወደ ሳንባ ስለሚሳብ መድኃኒት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ጎረቤላ ይደርሳል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ የነበረው የአንኮበር ኮረብታ በአጠገቧ ነው። ከዚያ ወዲያ ምድሩ እንደ ግድግዳ ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ጉሙም ገደሉን እየዳሰሰ ሲወጣ ከተማይቱን ባንድ ጊዜ ይሸፍናታል፤ ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም።

በዚህ ጊዜ ከጽድ ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ዝናም ሳይዘንም ይርሳል። ደቃቁ ጤዛ ከቅጠሉ ላይ እየተያዘ ይንጠባጠባልና። ከሜዳ የቆመው ግን ያን ያህል አይርስም። የሰው ሳንባም ግንዱ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሆነ ዛፍ ነው።

ባረፍሁበት ቤት አስም ያለባቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። ምድጃው ሲጤስ ደረታቸው ታፈነና ፓፍ የሚባለውን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወደ አፋቸው ነፉ። ጣታቸው ሲጫን ትንፋሻቸው ገና ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። «ልጄ፣ ገንዘብ ይፈጃል እንጂ አይደርስልኝም» አሉኝ። ቃላቸው እርሳቸው ካሰቡት ይልቅ እውነት ነበረበት።

መድኃኒቱ የት እንደሚደርስ በዓይን ያሳየው ጋማ ካሜራ የሚባል መሣሪያ ነው። ሐኪሞች በሚሳበው ርጭት ውስጥ ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር የሚሰጥ ነገር በጥቂቱ ይጨምራሉ፤ ኃይሉም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በሽተኛው ስቦ ሲያበቃ ካሜራው ከደረቱ የሚወጣውን ጨረር እየቆጠረ ርጭቱ ያረፈበትን ቦታ በሥዕል ያወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. በለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል የነበሩ ሐኪሞች በ8 በሽተኞች ላይ ጨረር የሚሰጥ ርጭት ሞክረው ያገኙት የሚያስደንቅ ነው፤ ከመቶው እጅ ሳንባ የደረሰው 9 ያህል ብቻ ሲሆን፣ 80ው በአፍና በጉሮሮ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ከዚህ የተሻሉ ናቸው።

ምክንያቱ እንደ ጽዱ ነው። ከ5 ማይክሮን የበለጠው ነጠብጣብ በፍጥነት ሲገባ መታጠፍ ስለማይችል ከጉሮሮ ግድግዳ ይጋጫል፤ ከ1 ማይክሮን ያነሰውም አብዛኛው ከትንፋሽ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው።

እንዲህ ያለ ካሜራ ለጎረቤላ ሰው ሩቅ ነው፤ ያስተማረው ነገር ግን ሩቅ አይደለም። በፓፉና በአፍ መካከል ባዶ ዕቃ ቢገባ ርጭቱ ፍጥነቱን ያበርዳል፤ ትልልቁም ነጠብጣብ ከዕቃው ግድግዳ ላይ ይቀራል። በፋብሪካ የሚሠራው ዕቃ ውድ ስለሆነ፣ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን የሚሠሩ ሐኪሞች በ1999 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ) የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ አስም በያዛቸው ልጆች ላይ ፈተኑ። የጠርሙሱን ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ቀድደው ዙሪያውን በማጣበቂያ ሲደፍኑት ከፋብሪካው ዕቃ እኩል ረዳ።

እኔም ይህን ለባልቴቲቱ ልጅ ነግሬ ጠርሙሱን ይዞ እናቱን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስድ መከርሁት፤ ቀዳዳውን ነርሷ ታይለት ዘንድ። አሳሳቡም ቀላል ነው፤ አስቀድሞ አየርን ማስወጣት፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጫን፣ በዝግታ መሳብና እስከ 10 ድረስ እየቆጠሩ ትንፋሽን መያዝ።