ማሳረፍና መጣል

ሞት ከጥንት ጀምሮ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነበር። ሰው ይታመማል፤ ያጣጥራል፤ ትንፋሹ ይቆማል፤ ያረፈበትም ሰዓት ለቤተሰቡ ግልጽ ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት የተስፋፋው ሰው ሠራሽ መተንፈሻ ግን ይህን ግልጽነት አደበዘዘው። አንጎሉ ክፉኛ የተጎዳ በሽተኛ፣ ደረቱ ከፍና ዝቅ እያለ፣ ገላው እንደ ሞቀ ለወራት ሊቆይ ቻለ። እንግዲህ ትንፋሹ የማን ነው? የሰውዬው ወይስ የመሣሪያው?

ጥያቄው በ1975 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት የአንድ ቤተሰብን ደጃፍ አንኳኳ። የ21 ዓመቷ ካረን አን ኩዊንላን በሚያዝያ ወር ራሷን ሳተች። ትንፋሿ ተቋርጦ ስለ ነበር አንጎሏ አየር በማጣት ተጎዳ። ዓይኗ ይገለጣል፤ ነገር ግን ማንንም አይለይም። ወላጆቿ ጆሴፍና ጁሊያ ወራት ከጠበቁ በኋላ መሣሪያው ይነሣላት ብለው ለመኑ። አጥባቂ ካቶሊኮች ነበሩና አስቀድመው ቄሳቸውን አማክረዋል። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1957 ከተለመደው ያለፈ ሕክምና ግዴታ አለመሆኑን አስተምረው ስለ ነበር ቄሱ አልተቃወሟቸውም። ሐኪሞቹ ግን እምቢ አሉ፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም ለሐኪሞቹ ፈረደ።

በመጋቢት 1976 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ሰው የማይሻውን ሕክምና ለመተው ያለው መብት ራሱን በመሳቱ ብቻ አይጠፋም፤ አባቷ ስለ እርሷ ሊናገር ይችላል ሲል ወሰነ። በግንቦት ወር ካረን ከመሣሪያው ቀስ በቀስ ተላቀቀች። ሞቷ ሲጠበቅ ግን በራሷ መተንፈስ ቀጠለች። በአፍንጫዋ በሚገባ ቱቦ እየተመገበች ዘጠኝ ዓመት ከቆየች በኋላ በሰኔ 1985 በሳምባ ምች አረፈች።

የነገሩ ፍሬ ያለው በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ነው። «ልጃቸውን ሊገድሉ ነው» የተባሉት ወላጆች የመመገቢያው ቱቦ ይነሣ አላሉም። አባትየውም ልጁን መጠየቁን አላቋረጠም። የለመኑት ሞቷን ሳይሆን የተፈጥሮ መንገዷ እንዳይዘጋባት ነበር።

ይህ ሲባል ጥርጣሬው ተወገደ ማለት አይደለም። በ2006 እንግሊዝ አገር የሚገኙ ተመራማሪዎች፣ ምንም አታውቅም የተባለችን በሽተኛ ቴኒስ ስትጫወት እንድታስብ ቢጠይቋት፣ በመሣሪያ የታየው አንጎሏ የጤነኛ ሰው አንጎል እንደሚመልሰው መልስ ሰጠ። ስለዚህ ከውሳኔ በፊት ደጋግሞ መመርመር፣ በሽተኛው በደኅናው ጊዜ ምን ይል እንደ ነበር መጠየቅ፣ «ሕይወቱ ምን ይጠቅማል?» የሚለውንም ሚዛን ከደጅ መመለስ ይገባል። ጠያቂውም ራሱን ይመርምር፤ የሚናገረው ፍቅሩ ነው ወይስ ድካሙ?

አማርኛ የሞተውን ሰው «አረፈ» ይለዋል። በማሳረፍና በመጣል መካከል ያለው ድንበር ግን መሣሪያው በሚነሣበት ቅጽበት አይታይም። የሚለየው ከዚያ በኋላ ከአልጋው አጠገብ ማን እንደ ቀረ ሲታይ ነው።