የዘገየው እጅ ነው ወይስ መንገዱ? ገመድ አልባ የሚዲ ግንኙነትን ስለ መመርመር

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የሚመለከተው ሦስት ከበሮ መቺዎች አንድን የችክችካ ምት አብረው ሲይዙ በመካከላቸው የሚታየውን ጥቃቅን የጊዜ ልዩነት ነው። ሦስቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ሲመቱ በማይክሮፎን ቢቀረጹ የአንዱ ድምፅ በሌላው ላይ ስለሚደራረብ፣ የትኛው ምት የማን እንደሆነና በየትኛው ቅጽበት እንደጀመረ መለየት አዳጋች ይሆናል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ መቺ በጣቱ የሚመታው የስልክ ወይም የታብሌት ገጽ ተሰጥቶት፣ ምቱ በሚዲ መልእክትነት ወደ አንድ ላፕቶፕ እንዲደርስ አደረግሁ። በእጄ የነበሩት ሁለት ስልኮችና አንድ ታብሌት ሲሆኑ የሦስቱም መሰኪያ የተለያየ ነበር፤ ለሁሉም የሚስማማ ማገናኛ መግዛት ደግሞ ከተማሪ አቅም በላይ ነው። ገመድ አልባውን መንገድ የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ውጤት ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ታየ። ከሦስቱ መቺዎች በዕድሜ የሚበልጡት፣ በሠርግና በበዓል ለበርካታ ዓመታት ከበሮ የመቱት አባት፣ በኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ ላይ ዘወትር ከሁለቱ ወጣቶች ኋላ ይገኙ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው የክፍል ጓደኛዬ ሠንጠረዡን አይቶ «ጋሼ ይዘገያሉ» አለ። እርሳቸውም ሰምተው ኖሮ «ልጄ፣ እኔ ብዘገይ ኖሮ የእስክስታ መቺው ትከሻ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር» ብለው ዝም አሉ። ሠንጠረዡ እንዳለ ቢወሰድ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ የሚሰፍረው በአንድ ሰው እጅ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ግን በጣቱና በሠንጠረዡ መካከል ያለው መንገድ መመርመር ነበረበት።

ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ለሕዝብ የቀረበ፣ የኤሌክትሮኒክስ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ድምፅን አይሸከምም፤ የሚሸከመው የድምፅን ወሬ ነው፤ ይኸውም የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታና መቼ እንደተለቀቀ። በቀድሞው ገመድ ላይ ወሬው በሰከንድ 31,250 ቢት ይጓዛል። አንድ ባይት ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሆነ 320 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሦስት ባይት ያለው የአንድ ምት መልእክትም አንድ ሚሊሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ይደርሳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው መልእክቱ በራሱ ውስጥ ሰዓት የማይዝ መሆኑ ነው። ትርጉሙ «አሁን ተመታ» ብቻ ነው፤ «አሁን» የሚባለውም መልእክቱ የደረሰበት ቅጽበት ነው። ገመዱ አጭርና ለአንድ ተናጋሪ ብቻ የተሰጠ በነበረ ጊዜ ይህ አላስቸገረም። መልእክቱ በአየር ሲጓዝ ግን በመንገድ ላይ የቆየ ወሬ ከዘገየ እጅ ጋር አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል።

በአየር የሚጓዝ ሚዲ ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው በዋይፋይ ኔትዎርክ ላይ የሚሄደው አርቲፒ ሚዲ ነው። የመልእክቱን አቀራረጽ የበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጆን ላዛሮና ጆን ዋውርዚኔክ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢንተርኔት ደረጃ ሰነድነት አውጥተውት በ2011 ተሻሽሏል፤ ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበትን ሥርዓት የጨመረው አፕል ነው። ሁለተኛው አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 በመሣሪያዎቹ ላይ ያስገባውና በማግስቱ ዓመት የሚዲ አምራቾች ማኅበር በደረጃነት የተቀበለው የብሉቱዝ ሚዲ ነው። ሁለቱም የጎደለውን ሰዓት በመልእክቱ ላይ እንደ ማኅተም ያትማሉ። ማኅተሙን አንብቦ የምቱን ጊዜ ወደ ቦታው መመለስ ግን የተቀባዩ ፕሮግራም ፋንታ ነው፤ ሁሉም ፕሮግራም ይህን አያደርግም።

በምርመራው የተረዳሁት የመጀመሪያው ነገር፣ ችግሮቹ ሁሉ «አልሠራም» በሚል አንድ ስም ቢጠሩም ሦስት ልዩ ልዩ ዓይነቶች መሆናቸውን ነው፤ እነርሱም መሣሪያዎቹ አለመተያየታቸው፣ ተያይተው አለመነጋገራቸውና ተነጋግረው ጊዜ አለመጠበቃቸው ናቸው። አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም ቀናትን ያባክናል።

አለመተያየትን እናስቀድም። በዋይፋይ መንገድ ስልኩና ኮምፒውተሩ አንዳቸው የሌላቸውን ስም የሚያገኙት ወደ 224.0.0.251 በ5353 ፖርት በሚላክ የጋራ ጥሪ ነው። ውይይቱ ራሱ ግን እንደ ልማዱ በ5004 እና በ5005 ፖርቶች ይካሄዳል። ስለዚህ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ካልታየ የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ በእጅ አስገብቶ መሞከር ይገባል። በዚህ መንገድ ከተገናኘ የታገደው ጥሪው ብቻ ነው ማለት ነው። ካልተገናኘም ቀጥሎ የሚጠረጠሩት ፋየርዎሉና ራውተሩ ናቸው። ዊንዶውስ ኔትዎርኩን «የሕዝብ» ብሎ ከመዘገበው ከውጭ የሚመጣን ያልተጠራ እንግዳ አያስገባም፤ «የግል» ተብሎ ሲመዘገብና ለፕሮግራሙ ፈቃድ ሲሰጥ በሩ ይከፈታል። በአይፎንና በአይፓድ በኩል ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ አንድ መተግበሪያ በአካባቢው ኔትዎርክ ያሉትን መሣሪያዎች ለማየት የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጥያቄው በመጣ ጊዜ በችኮላ «አይሆንም» ያለ ሰው በኋላ ከስልኩ ማስተካከያ ገብቶ ካልለወጠው በቀር መተግበሪያው ዕውር ሆኖ ይቀራል።

ራውተሩን በተመለከተ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ ማስታወሻ አለኝ። ብዙ ሰው የሚገለገልበት ዋይፋይ ተጠቃሚዎቹን እርስ በርስ እንዳይተያዩ አድርጎ ይለያያቸዋል። ስልኩም ላፕቶፑም ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ በመካከላቸው ግን ግድግዳ አለ። ውሳኔው ለደኅንነት ሲባል የተደረገና ተገቢ ስለሆነ እንዲነሣ መጠየቅ አያስፈልግም። መፍትሔው ከኢንተርኔት ጋር ያልተያያዘ አነስተኛ ራውተር ለብቻ ማቆም ነው፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ስልኩ በዚህ ራውተር ላይ ኢንተርኔት ሲያጣ በራሱ ፈቃድ ወደ ሌላ ኔትዎርክ ወይም ወደ ሞባይል ዳታ ሊዞር ስለሚችል፣ ከሙከራው በፊት ዳታውን መዝጋት ይበጃል።

ተያይቶ አለመነጋገር በብሉቱዝ በኩል ይበዛል። አስቀድሜ የሞከርሁት ይህንን መንገድ ነበር። በአፕል መሣሪያዎች የብሉቱዝ ሚዲ ግንኙነት የሚፈጸመው እንደ ጆሮ ማዳመጫ ከስልኩ የብሉቱዝ ገጽ ሳይሆን ከመተግበሪያው ውስጥ ነው። ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ባሉት ደግሞ መተግበሪያው በአካባቢው ያለውን የብሉቱዝ መሣሪያ ለመፈለግ የቦታ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከሙዚቃ ጋር ዝምድና የሌለው ስለሚመስል ተጠቃሚው ይነፍገዋል። ዊንዶውስ 10 ከ2016 ማሻሻያው ወዲህ የብሉቱዝ ሚዲን ቢያውቅም የሚያቀርበው በአዲሱ የፕሮግራም በር ነው፤ በቀድሞው በር የሚገቡ የሙዚቃ ፕሮግራሞች በመካከል አስተላላፊ ፕሮግራም ካልተደረገላቸው መሣሪያውን አያዩትም። የእኔም ፕሮግራም ከእነዚህ ወገን ስለነበረ ሦስቱንም ወደ ዋይፋይ አዛወርሁ። በየትኛውም መንገድ ቢሆን መልእክቱ መድረስ አለመድረሱን በቅድሚያ መፈተን የሚገባው የሚዲ መልእክቶችን ብቻ በጽሑፍ በሚያሳይ ቀላል ፕሮግራም ነው። መልእክቱ እዚያ ላይ ከታየ ጥፋቱ ከአየር ወዲህ፣ በሙዚቃው ፕሮግራም ምርጫ ወይም ከ16ቱ ቻናሎች አንዱን በመሳት ነው፤ ካልታየ ከአየር ወዲያ ነው። መንገዱን በዚህ ዓይነት ለሁለት መክፈል ከማንኛውም ግምት ይሻላል።

የጋሼን ጉዳይ የሚመለከተው ግን ሦስተኛው ዓይነት ነው። ለዚህ ሁለት ሙከራዎች ተደረጉ። የመጀመሪያው ሰውን ከመንገዱ ማውጣት ነው። በየስልኩ ላይ በየ500 ሚሊሰከንዱ አንድ ምት የሚልክ መተግበሪያ አሂጄ በላፕቶፑ ላይ የሚደርሱበትን ርቀት መዘገብሁ። እዚህ ላይ እጅ የለም፤ ርቀቱ ከ500 ባነሰና በበለጠ ቁጥር የታየው መዋዠቅ ሁሉ የመንገዱ ነው። መዋዠቁ በሦስቱም መሣሪያዎች ላይ ተቀራራቢ ነበር። ተቀራራቢነቱም ምክንያቱን ሦስቱም በሚጋሩት ክፍል እንድፈልግ መራኝ፤ ይኸውም ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ያለው ነው። ሁለቱም ወገን በዋይፋይ ሲሆን እያንዳንዱ መልእክት አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ ላፕቶፑም ባትሪ ለመቆጠብ የሬዲዮ መቀበያውን በየመካከሉ ስለሚያስተኛ ራውተሩ መልእክቱን ይዞ ይጠብቀዋል። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኔትዎርክ ገመድ ሳገናኘው መዋዠቁ በግልጽ ቀነሰ። ገመድ አልባውን ሥራ ያቃናው አንድ ገመድ መሆኑ ያስገርም ይሆናል፤ ገመዱ ግን የተተከለው ማንም በማይንቀሳቀስበት በኩል ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ መሣሪያዎቹን ማቀያየር ነው። የጋሼን ስልክ ለአንደኛው ወጣት፣ የወጣቱን ታብሌት ለጋሼ ሰጥቼ ያንኑ ምት አስመታሁ። መዘግየቱ ሰውየውን ከተከተለ የእጅ ነው፤ ስልኩን ከተከተለ የመሣሪያ ነው። የተከተለው ስልኩን ነበር። ስልኩ ከሦስቱ አሮጌው ሲሆን የባትሪ መቆጠቢያውም በርቶ ነበር፤ ጣት መስታወቱን ከነካበት አንሥቶ መልእክቱ ተዘጋጅቶ እስኪወጣ ድረስ ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ይህ መዘግየት የሰዓቱ ማኅተም ከመታተሙ በፊት የሚደርስ በመሆኑ ማኅተሙ ሊያርመው አይችልም። መቆጠቢያው ሲጠፋ ከፊሉ ተወገደ፤ የቀረውን ለመለካት ማይክሮፎን ከመስታወቱ አጠገብ አድርጌ ጣቱ ሲያርፍ የሚሰማውን ድምፅና የሚዲውን መልእክት በአንድነት ቀዳሁ። የማይክሮፎኑ መንገድ የራሱ መዘግየት ቢኖረውም ለሦስቱም እኩል ስለሆነ፣ በመሣሪያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሳይዛባ ይወጣል።

ከዚህ የጥናቱ ዋና ትምህርት ይገኛል። ቋሚ መዘግየትና የመዘግየት መዋዠቅ አንድ አይደሉም። ቋሚው ከተለካ ሊቀነስ ይችላል፤ ሁልጊዜ ዐሥር ደቂቃ የሚዘገይ የግድግዳ ሰዓት ያለው ሰው ሰዓቱን እንደሚያውቅ ማለት ነው። መዋዠቁ ግን አይቀነስም፤ ጥናቱ ሊናገር የሚችለውን የመጨረሻ ትንሽ ነገር ይወስናል። ከመዋዠቁ የሚያንስ ልዩነት በሠንጠረዡ ላይ ቢታይም የመቺው ነው ሊባል አይገባም። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ከዚህ መጠን በታች ያለውን ሁሉ ከትንተናው ውጭ አድርጌዋለሁ።

የሚገርመው ከዚህ ሁሉ ማጣራት በኋላ የቀረው ነው። የስልኩ መዘግየት ሲቀነስ ጋሼ ከወጣቶቹ ጋር እኩል ሆኑ፤ በአንድ ቦታ ላይ ግን አልሆኑም። በዙሩ መጨረሻ ያለችውን ምት ጥቂት ያሳድሯታል። ይህች ልዩነት ከመዋዠቁ የምትበልጥና በሦስቱም መሣሪያዎች ላይ በየዙሩ የምትደጋገም ስለሆነች የስልክ ልትሆን አትችልም፤ የእርሳቸው ናት። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ በአሮጌው ስልክ መዘግየት ተውጣ ስለነበረ አልታየችም ነበር። መንገዱን መመርመር እርሳቸውን ከሐሰት ፍርድ ከማዳኑም በላይ፣ ጥናቱ የተነሣለትን ነገር አስገኝቷል።

በዩኒቨርሲቲያችን የሰው እንቅስቃሴን በስልክ የሚለኩ ጥናቶች እየተበራከቱ ነው። መሣሪያው ቀላልና በእጃችን ያለ በመሆኑ በጽሑፋችን የዘዴ ክፍል ውስጥ «በስልክ ተመዘገበ» ብለን እናልፈዋለን። የመሣሪያው ዓይነትና የስርዓተ ክወናው እትም፣ መልእክቱ የተጓዘበት መንገድ፣ ተቀባዩ በገመድ ይሁን በአየር፣ የባትሪ መቆጠቢያው ይብራ ይጥፋ፣ ሰው በሌለበት የተለካው መዋዠቅም ምን ያህል እንደሆነ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ያለ እርሱ ግን አንባቢ የሰውን ሥራ ከስልኩ ሥራ የሚለይበት መንገድ የለውም።