ቀን ዜና፣ ማታ ሲ ፕላስ ፕላስ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው፡፡ «ዲግሪ አላችሁ አይደል እንዴ?»

አለን፡፡ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፤ ያውም በቀኑ መርሐ ግብር፣ ካፌ ተሰልፈን፣ ዶርም ተደርድረን የተማርነው፡፡ «ታዲያ ምን ጎድሏችሁ ነው ከሥራ በኋላ ደብተር ይዛችሁ የምትሮጡት? ያውም ኮምፒዩተር ሳይንስ!» ይሉናል፡፡ ጠያቂው ዘመድ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፤ «ማግባቱስ?»

(«እኛ» ስንል ለማዕረግ እንዳይመስላችሁ፡፡ ሁለት ስለሆንን ነው፤ ይህን የምትጽፈውና አጠገቧ የምትቀመጠው፡፡ በአንድ ዓመት ተመርቀን፣ በአንድ ዝግጅት ክፍል ተቀጥረን፣ ለማታው ትምህርትም በአንድ ቀን ተሰልፈን ነው የተመዘገብነው፡፡)

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የጎደለን ብዙ ነው፡፡ አንደኛው ብር ነው፡፡ የጀማሪ ሪፖርተር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ጽፈን እናቶቻችንን አናሳፍርም፤ ከቤት ኪራይና ከታክሲ የተረፈችው የወሩን የመጨረሻ ሳምንት እንደማታይ ብቻ እወቁልን፡፡ ከዚያችው ላይ የመጀመሪያው ዲግሪያችን የወጪ መጋራት ይቆረጣል፡፡ አሁን ደግሞ የማታው ክፍያ ተጨመረ፡፡ እናላችሁ፣ ያለፈውን ዲግሪ ዕዳ ሳንጨርስ የሚመጣውን ዲግሪ መክፈል ጀምረናል፡፡

ሁለተኛው ፍርሃት ነው፡፡ ዩኒቨርሲቲ ሳለን መምህሮቻችን ለምሳሌ ከሚጠሩልን የግል ጋዜጦች ብዙዎቹ ያኔም አልነበሩም፡፡ «አዲስ ነገር» በ2002 ዓ.ም.፣ «አውራምባ ታይምስ» በ2004 ዓ.ም. ከገበያ ሲወጡ እኛ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፡፡ ያላነበብነውን ጋዜጣ እያደነቅን ተመረቅን ማለት ይቻላል፡፡ ሥራ ስንይዝ ዜናው ጓዙን ጠቅልሎ ስልክ ውስጥ ገብቶ አገኘነው፡፡ ስልክ ውስጥ የትኛው ዜና ከላይ እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚቀበር የሚወስነው ደግሞ ዋና አዘጋጃችን አይደለም፡፡ ሙያችን ቤት ለውጧል፤ የአዲሱ ቤት ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው እጅ ነው፡፡ ቢሮ ውስጥ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር «አይቲውን ጥሩት» ማለት ሰለቸን፡፡ ልጁም ሳይሰለቸው አይቀርም፡፡

ደግሞ የሚገርመው ነገር! ዩኒቨርሲቲ ስንገባ 70/30 የሚባል ምደባ ነበር፤ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ፡፡ እኛ ከ30ዎቹ ነበርን፡፡ አንድ ቀን በማታ በር ዞረን 70ዎቹ ቤት እንገባለን ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፡፡

የማታ ትምህርት በዚህች አገር ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያለ ነገር ነው፡፡ ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ሰው «የማታ ነው የተማርኩት» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፡፡ ለምን እንደሆነ አልገባንም፡፡ ቀን ስንማር መምህር ሲቀር እልል ብለን ወደ ሻይ ቤት ነበር የምንሮጠው፡፡ እዚህ መምህር ከቀረ ክፍሉ ይቆጣል፡፡ የከፈለው ከኪሱ፣ የመጣውም ከሥራ ላይ ነዋ! ከፊታችን የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ ከኋላችን ፋርማሲስት ይቀመጣሉ፡፡ በስተቀኝ የሁለት ልጆች አባት የሆኑ የሒሳብ አስተማሪ አሉ፤ ክፍሉ በሙሉ «ቲቸር» ይላቸዋል፡፡ እውነተኛው መምህር ሲገባ ሁለት ቲቸር ይሆናል፡፡ እሱም ቢሆን ቀን ሌላ ቦታ ፕሮግራም ሲጽፍ ውሎ የሚመጣ ወጣት ነው፤ ከእኛ እኩል ይደክመዋል፡፡ መብራት ከጠፋ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ባለችው ጨለማ አንገቱን ዴስክ ላይ ጣል የሚያደርግ ሞልቷል፡፡ ማን እንደሆነ ግን አይጠየቅም፡፡

ክፍል የሚጀመረው 11 ሰዓት ተኩል፣ የሚያልቀው 2 ሰዓት ተኩል ነው፡፡ የአንዳችን እናት ሰዓቱን ስትሰማ «ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት?» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች፡፡ ስትከለክል ግን አልከለከለችም፤ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፡፡ ከግቢው እስከ ታክሲው ድረስ ያለውን መንገድ ስድስት ሴቶች ሆነን ነው የምንሄደው፣ የመጨረሻዋ ታክሲ ካላገኘች ማናችንም አንገባም፡፡ ይህን ሕግ ማንም አላወጣውም፤ በሁለተኛው ሳምንት እንዲያው ተገኘ፡፡ ሌላ ሌላውን የማታ ኑሮ፣ የቀረብንን ለቅሶና ልደት ብንቆጥረው አያልቅም፤ እንለፈው፡፡

ወዳጆቻችን ግን ማለፍ አይወዱም፡፡ «በ2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ አይደል? ነፃ ነው እኮ!» ይሉናል፡፡ ጀምረነዋል፣ ጥሩ ነው፡፡ ነገር ግን «አልገባኝም» ስትሉት ተመልሶ ፊታችሁን አይቶ የሚያስረዳችሁ ሰው እንደ ክፍል አይሆንም፡፡ የሰው ኃይል ክፍሉም ዲግሪ ነው የሚጠይቀው፡፡ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን ይጽፈው የለ?» የሚሉም አሉ፡፡ ዜናውንም ይጽፈዋል ይሉናል እኮ! እንዲህ ከሆነ ቤት ገብተን መቀመጣችን ነው፡፡ የጻፈው ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚያይ ሰው ይፈለጋል ብለን ነው የምንማረው፤ በዜናም በኮድም፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፡፡ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለትዮሽ ቁጥር ነው፣ ቫሪያብል ነው፣ «ኢፍ»ና «ኤልስ» ነው፣ ሉፕ ነው፡፡ ዕድሜ ልካችንን ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ስንዘጋ ኖረን በሴሚኮለን መዝጋት ለመድን፡፡ ልባችን የተነካው ግን አንድ ማክሰኞ ማታ ነው፡፡ መምህሩ «ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ የእንግሊዝኛዋ ትልቋ ኤ 65 ናት» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፡፡ «ሀስ?» የሚል ድምፅ መጣ፡፡ ቲቸር ናቸው፡፡

ሀ 4608 ናት፡፡ ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የእኛን ፊደል ሲቀበል፣ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቁጥር መደበለት፡፡ ሀ ከ4608፣ ለ ከ4616፣ ሐ ከ4624፣ መ ከ4632 ይጀምራሉ፡፡ ሰባቱ ለግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ ሏ ላሉት፡፡ እንግዲህ የአንድን ፊደል ቁጥር ውሰዱና ለ8 አካፍሉት፡፡ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ፣ 2 ከሆነ ሣልስ እያለ ይሄዳል፡፡ «ማ» 4635 ናት፤ ለ8 ስትካፈል ቀሪዋ 3፣ ማለትም ራብዕ፡፡ መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የፊደል ገበታ ለካ ሙሉ በሙሉ ሒሳብ ነው! ያን ማታ ቲቸር ከመቀመጫቸው ተነስተው በራሳቸው ጠመኔ ፊደሉን ሲያካፍሉ አመሹ፤ መምህሩም ዝም ብሎ ቆሞ አያቸው፡፡ አያና ብሩ ይህን ሁሉ ፊደል በጽሕፈት መኪና ቁልፎች ላይ ለማስገባት የደከሙትን ድካም ያወቅንላቸው ያኔ ነው፡፡

የራሳችን የምንለው የመጀመሪያው ፕሮግራም የተወለደውም ከዚሁ ነው፡፡ ቢሮ ውስጥ የድሮ ዜና ፈልጎ ማግኘት መከራ ነበር፡፡ ለምን ቢሉ፣ በአማርኛ «ኃይሉ» የሚለው ስም ድምፁ ሳይለወጥ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ይጻፋል፤ ስድስት ዓይነት፡፡ «ፀሐይ» ደግሞ ጸና ፀ ሲጨመሩ አሥራ ሁለት ዓይነት ይሆናል፡፡ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ አሥራ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፡፡ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ፣ አይቀነሱ በሚለው የቆየ ክርክር ውስጥ አልገባንም፣ ሊቃውንቱ ይጨርሱት፡፡ ጽሑፉን ሳንነካ ፍለጋው ብቻ ሁሉንም እንደ አንድ እንዲያያቸው አደረግን፡፡ አርባ መስመር አይሞላም፡፡ በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባችን ሁለት ዓመት ሙሉ የለም ያለውን ዘገባ አገኘው፡፡

ይህን ሁሉ ስናወራ አለቆቻችን ደስ ያላቸው እንዳይመስላችሁ፡፡ ከሁለት ወር በፊት የማታ ዜና ፈረቃ በዙር እንዲሆን ተወሰነ፣ ዙሩም ከሁለታችን አንዳችንን በየሳምንቱ ያገኛል፡፡ አንዳችን ዴስክ ላይ ስትሆን ሌላዋ መቅረጸ ድምፅ ይዛ ክፍል ትገባለች፤ ሌሊት ላይ ትምህርቱን እንደ ቃለ መጠይቅ ቃል በቃል እንገለብጠዋለን፡፡ ጋዜጠኝነት ምን ያደርጋል ለሚሉን፣ ይኸው፡፡ ላብራቶሪ ግን አይቀረጽም፤ የስም ጥሪም አለ፡፡ የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ሁለታችንንም በአንድ ማታ ስለሚፈልገን ማመልከቻ አስገብተናል፡፡ «ይታያል» ተብሏል፡፡ ይታያል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቢሮ ሠርታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፡፡

ከሁሉም የከበደን ግን የአለቆች ፊት ሳይሆን የጋሼ ነገር ነበር፡፡ ጋሼ በዝግጅት ክፍሉ አንጋፋው ናቸው፤ የመጀመሪያ ዜናዎቻችንን በቀይ እስክሪብቶ ያቃኑልን እሳቸው ናቸው፣ በመጪው ሰኔ ጡረታ ይወጣሉ፡፡ መመዝገባችንን ሲሰሙ «ከሙያው ልትሸሹ ነዋ» አሉን፣ ከዚያ ቀን ወዲህም ጽሑፋችንን በቀይ ማረም ተዉ፡፡ ለሁለት ሳምንት ያህል እንደ እንግዳ ሰው «እንዴት አደራችሁ» ብቻ ሆነ፡፡ ክፉ ቢናገሩን ይሻለን ነበር፡፡

በጥር መጨረሻ አንድ ሲዲ ይዘው መጡና ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡት፡፡ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ አዛውንት መምህር ጋር ያደረጉት ረጅም ቃለ መጠይቅ ነው፡፡ ጋዜጣ ላይ የወጣው ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር፤ ካሴቱ ጠፍቷል፣ አዛውንቱም አርፈዋል፡፡ የቀረው ይህ ፋይል ነው፡፡ ከፈትነው፡፡ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ፣ አንድም የሚነበብ ቃል የለም፡፡ ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ቁጥሮች ላይ ነበር የሚያሳፍሩት፤ የተጻፈበት ፎንት ከሌለ ጽሑፉ እንዲህ ሆኖ ይቀራል፡፡ ፎንቱ ቢገኝ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፡፡ ያገኘናቸውን ሁለት የድሮ ፎንቶች ሞከርን፣ አልገጠሙም፡፡

ጋሼ ግን የታተመችውን ግማሽ ገጽ ቆርጠው አስቀምጠዋታል፡፡ እንግዲህ እሷን በአንድ በኩል፣ ፋይሉን በሌላ በኩል አድርገን፣ የታወቀውን ዓረፍተ ነገር ካልታወቀው ጋር እያስተያየን፣ ይህ ምልክት «ለ» ነው፣ ይህና ይህ ሲጣመሩ «ሉ» ናቸው እያልን ሠንጠረዥ መሥራት ጀመርን፡፡ አንዳንዱ ፊደል በአንድ ምልክት፣ አንዳንዱ በሁለት ነው የተጻፈው፡፡ ሠንጠረዡ ሲሞላ የቀረውን ፕሮግራሙ ይለውጠዋል፡፡ ቲቸርም ሰምተው ቅዳሜ ቅዳሜ ያግዙናል፣ ያልታወቁትን ምልክቶች እንደ ሒሳብ ጥያቄ ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ይሄዳሉ፡፡

ባለፈው ሐሙስ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወጣ፡፡ ጋዜጣው ላይ ያልነበረ ነው፡፡ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው ስክሪኑን አዩት፡፡ ከዚያ ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው አታሚው ላይ ወዳለው ወረቀት ሄዱና «እዚህ ጋ ‹ሰ› አይደለም፣ ንጉሡ ‹ሠ› ነው፤ ማሽናችሁን ንገሯት» አሉ፡፡

ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፡፡ ማመልከቻው አሁንም ይታያል ላይ ነው፡፡ ሠንጠረዡ ውስጥ ገና አርባ አንድ ባዶ ቦታ አለ፣ ጋሼም ጠዋት ጠዋት ከ«እንዴት አደራችሁ» በፊት «ስንት ቀረ?» ይላሉ፡፡