አየር የሚያልቅበት መንገድ

ዴንቨር ዘመድ ጥየቃ የሄደ አዲስ አበቤ ሻንጣውን ሳያወርድ ስለ ከፍታው ይመከራል። «ውኃ በደንብ ጠጡ፤ የመጀመሪያውን ቀን አትሩጡ፤ ራስ ምታት ሊኖር ይችላል» ይባላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ይህም ልክ አንድ ማይል ስለሚሆን ቅጽል ስሟ ሆኖ ቀርቷል። እርስዎ የመጡት ግን 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለ ሰፈር ነው። ለእርስዎ ወደ ዴንቨር መሄድ ቁልቁለት መውረድ ነው። ፈገግ ብለው ውኃውን ይጠጡ።

ከፍታን ከሰው ይልቅ የሚያውቀው መኪና ነው። ቱርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር በራሱ ሳንባ ይተነፍሳል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል፤ የሚያቃጥለው ቤንዚንም በሳበው አየር ልክ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ዴንቨር ላይ ወደ 82፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 75 ይወርዳል። ቤተሰቡን የጫነችው ቪትዝ እንጦጦን ስትወጣ የምታቃስተው ለዚህ ነው። መካኒኩ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ይህን ያስቡለት።

በዚህ አገር እንዲህ ያለውን ትንሽ ሞተር ጋራዣቸው ውስጥ እያሻሻሉ በእረፍት ቀናቸው የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ። ሊያዩአቸው ከፈለጉ ከዴንቨር በስተምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ይንዱ። ኦሮራ የሚኖር ዘመድ ካለዎት መንገዱ በዚያው በኩል ነው፤ ሃቫና ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ምሳ አስቋጥረው መውጣት ይችላሉ። ከተማው አልቆ ሣር ብቻ ሲቀር ሃይ ፕሌንስ ሬስዌይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተ፣ 4.1 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 15 ኩርባ ያለው፣ የአማተር ክለቦች ተባብረው ያሠሩት መወዳደሪያ ነው። ፀሐዩ ከባድ ስለሆነ ለልጆች ባርኔጣ አይርሱ።

እንዲህ ባለ ቦታ ዓይንዎ ቶሎ የሚለምዳት መኪና ማዝዳ ሚያታ ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት። እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓለም የታየችው የመጀመሪያዋ ሚያታ 1.6 ሊትር ሞተርና 116 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ክብደቷ አንድ ሺህ ኪሎ አይሞላም። ስፔክ ሚያታ በሚባለው የውድድር ምድብ ሁሉም የሚነዳው እሷኑ ነው፤ ደንቡም ሞተሯ ከፋብሪካ ከወጣበት ብዙ እንዳይርቅ ያስገድዳል። ደንቡ ላላ ባለባቸው ምድቦች ግን ጋራዥ ውስጥ የሚመሸው ለብቻው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከቴስታታው ነው። ቴስታታው ወርዶ ፊቱ በጥቂቱ ይላጫል። ያኔ ከፒስተኑ በላይ ያለው ቦታ ይጠባል፤ ሞተሩም የሳበውን አየር አጥብቆ ይጨምቃል፤ ከዚያው አየር የበለጠ ጉልበት ይወጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህን ማብዛት ያስከፍላል። ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት ቤንዚኑ በራሱ ጊዜ ይፈነዳና ሞተሩ መንኳኳት ይጀምራል፤ ፒስተን እስከ መብሳትም ይደርሳል። ከፍታ ላይ ግን የሚጨመቀው አየር ቀድሞውኑ ስስ ነውና ሞተሩ ይችለዋል። የኮሎራዶ ማደያዎች ተራውን ቤንዚን በ85 ኦክቴን የሚሸጡት ከዚሁ የተነሣ ነው፤ በአብዛኛው አሜሪካ ተራው 87 ነው። ተራራ ከሚወስደው ነገር ሁሉ መልሶ የሚሰጠው ይህችን ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ ቫልቮቹ በመቀመጫቸው ልክ ይሞረዳሉ። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይለሰልሳል፤ ካምሻፍቱ ይቀየራል፤ የዲፈረንሲያሉም ጥርስ ተቀይሮ ሞተሩ ጉልበት በሚሰጥበት ከፍተኛ ዙር ላይ እንዲቆይ ይደረጋል። የቤንዚኑና የአየሩ ምጣኔም አለ። የድሮ ቮልስ የነዱ አባቶች ይህን ያውቁታል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛና ጥቁር ጭስ ያስወጣል። የዛሬዎቹ መኪናዎች ይህን በሴንሰር ስለሚያስተካክሉት ማንም ልብ አይለውም።

የዚህ ሁሉ ምሽት ውጤት አሥር ፈረስ ከሆነ ባለቤቱ ደስተኛ ነው። ቱርቦ ቢገጥም ቶሎ ይገላገል ነበር። ነገር ግን ቱርቦ የገጠመ ከትልልቆቹ ጋር ይመደባል፤ ሙቀቱና ወጪውም ሌላ ነው። ደግሞም ነዳጅ መስጫውን ሲረግጡት ወዲያው «አቤት» የሚል ትንሽ ሞተር የሚሰጠውን ደስታ የቀመሰ ሰው በቀላሉ አይለውጠውም።

አሁን ወደ ተራራው እንሂድ። ከዴንቨር ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ነድተው ኮሎራዶ ስፕሪንግስን ሲያልፉ ፓይክስ ፒክ ከፊትዎ ይቆማል፤ 4,302 ሜትር ነው። ስፔንሰር ፔንሮዝ የተባለ ባለሀብት መኪና የሚወጣበት መንገድ አሠራበት፤ መንገዱን ለማስተዋወቅም እ.ኤ.አ. በ1916 ሽቅብ የሚነዳበት ውድድር ተጀመረ። ዛሬም በየዓመቱ በሰኔ ይካሄዳል። የውድድሩ ርቀት 19.99 ኪሎ ሜትር፣ ኩርባው 156 ነው። መነሻው 2,862 ሜትር ላይ ስለሆነ ውድድሩ የሚጀመረው ከእንጦጦ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሽቅብ ነው።

ጫፉ ላይ የሚገኘው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። የሚያታዋ 116 ፈረስ እዚያ ሲደርስ 70 አይሞላም። በስንት ምሽት ሥራ አሥር ፈረስ ያገኘው ሰው ከአርባ በላይ ለተራራው አስረክቦ ይጨርሳል። ራዲያተሩም በሳሳ አየር ቶሎ አይቀዘቅዝም። ከሾፌሮቹም መካከል በኦክስጅን መሣሪያ እየተነፈሱ የሚወዳደሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሮማን ዱማ ይህን ተራራ በ7 ደቂቃ ከ57.148 ሴኮንድ ወጣው፤ ከስምንት ደቂቃ በታች ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። የነዳት ቮልስዋገን ኤሌክትሪክ ነበረች፤ ለመሄድ አየር አያስፈልጋትም።

ከውድድሩ ቀን ውጭ መንገዱ ለማንም ክፍት ነው። መግቢያው ይከፈልበታል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምት በሚሆንባቸው ወራት ደግሞ የመግቢያ ሰዓት አስቀድመው ማስያዝ ይኖርብዎታል። ጃኬት ይያዙ። ታች ሙቀት ሆኖ ላይ በረዶ ሊጠብቅዎ ይችላል። በተከራዩት ትንሽ መኪና ከዛፎቹ መስመር በላይ ሲወጡ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠውት እንኳ መኪናው እያሰበ ይሄዳል። አይዞዎት፣ አልተበላሸም። ጫፉ ላይ ያለው ዶናት የታወቀ ነው፤ ለልጆቹ ይግዙላቸው፤ ግን ብዙ አይቆዩ፤ የደጋ ሰው ቢሆኑም ከራስ ዳሽን በጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ዝቅ ብለው ነው የቆሙት።

አስቸጋሪው መውረዱ ነው። ሞተር በሳሳ አየር ቢደክም የሚመጣው መዘግየት ነው፤ ፍሬን ቢደክም ግን ገደል ነው። ልምድ ያለው አማተርም ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያወጣው ለፍሬን ሸራ፣ ለፍሬን ዘይትና ለጎማ ነው፤ ሞተሩ ተራውን ይጠብቃል። ልጅዎ አንድ ቀን ቪትዟን «ላሻሽላት» ብሎ ማርሚታዋን ሊያስከፍት ከጠየቀዎት ይህን ይንገሩት። ሌላው ሞተር ሳይነካ የተከፈተ ማርሚታ ከጉልበት ይልቅ ጩኸት ነው የሚጨምረው፤ ጎረቤትም ይቀየምዎታል። ቀለበት መንገድም በሌሊት መወዳደሪያ አይደለም። ገንዘቡን ለፍሬኑና ለጎማው ይስጥ፤ ቀሪውን አጥር ያለው፣ አምቡላንስ የሚቆምበት መወዳደሪያ እስኪያገኝ ያቆየው።

ወደ ታች በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዝዎት። ግማሽ መንገድ ላይ ግሌን ኮቭ የሚባል ቦታ የመንገዱ ጠባቂዎች እያንዳንዱን መኪና አስቁመው የሙቀት መለኪያ ወደ ፍሬኑ ያነጣጥራሉ። የጋለበትን ሰው ዳር አስይዘው እስኪቀዘቅዝ ያስጠብቁታል። ልጅዎን በመስኮት በኩል ያስቀምጡት፤ ቁጥሩን እሱ ያንብብልዎ።